አረንጓዴው በርሜልና የአሪየት እናት

እኔንና አሪየትን አንድ ዴስክ ላይ ያስቀመጠን የስድስተኛ ክፍል መምህራችን ነው። ደገኛው ለብቻ፣ የአገሬው ልጅ ለብቻ እየሆነ መቀመጡ አልጥም ብሎት በመጀመሪያው ቀን ሁላችንንም አስነስቶ አደባለቀን። ብዙዎቹ አኮረፉ። እኔ ግን ከጎሬ ገና መምጣቴ ስለነበር የሚናፍቀኝ የዴስክ ጓደኛ አልነበረኝም። እናቴ ነርስ ናት። አባቴ ካረፈ በኋላ ዝውውር ጠይቃ ጋምቤላ ሆስፒታል ስትመደብ እኔን ይዛኝ መጣች።

ጊዜው ጋምቤላ ክልል በሆነችበት በመጀመሪያዎቹ ዓመታት ነው። በየሳምንቱ አዲስ ቢሮ ይከፈታል፣ አዲስ ሰሌዳ ይሰቀላል። ትልልቆቹ ሰዎች ደግሞ በተገናኙ ቁጥር ማን የአገሩ ባለቤት፣ ማን እንግዳ እንደሆነ ይከራከራሉ። እኛ ልጆቹ ቤታችን አኝዋክኛ፣ ኑዌርኛ፣ ኦሮምኛ እያወራን ት/ቤት ግቢ ስንገባ በአማርኛ እንጣላለን፣ በአማርኛ እንታረቃለን።

የአሪየት እናት አኳታ ትባላለች። ከባሮ የወጣ ዓሣ በትልቅ መጥበሻ እየጠበሰች ከት/ቤታችን በር ላይ፣ ከማንጎው ሥር ትሸጣለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ንግግሯ ቁጥብ ሴት ነበረች። እረፍት ሲደወል እኔና አሪየት ቀጥታ ወደ እሷ ነው የምንሮጠው። ለሁለታችን አንድ ዓሣ ትሰጠንና፣ ሲያንቀን ከራሷ ጀሪካን ውሃ ትቀዳልናለች።

የዚያን ቀን ሙቀቱ ሌላ ነበር፤ የክፍላችን ቆርቆሮ ይንጣጣል። ከእረፍት ገብተን ሂሳብ ጀምረን ሳለ ፊት ለፊቴ የተቀመጠችው ትዕግስት ጭንቅላቷን ዴስኩ ላይ ደፋች። ትዕግስት የት/ቤታችን ዘበኛ የጋሽ ደበበ ልጅ ናት። መምህሩ ስሟን ሲጠራ ቀና አለች። ከአፏ ለሃጭ ይወርዳል፣ ከዓይኗ እንባ ይፈሳል፤ ግን እያለቀሰች አልነበረም። ምን እንደሆነች ሳንጠይቃት ከኋላ አንድ ልጅ አስመለሰ። ከአጠገባችን ካለው ክፍል ጩኸት ተሰማ። ስንወጣ ኦባንግ የሚባል ኳስ የሚወድ የአራተኛ ክፍል ልጅ መሬት ላይ ወድቆ እግሩ ይንቀጠቀጣል።

የታመሙትን በጋሪም፣ በትከሻም፣ በተገኘው መኪናም ወደ ሆስፒታል ወሰዷቸው። ወላጆች ከየአቅጣጫው እየሮጡ መጡ። ከመካከላቸው አንዱ «ምን በልተው ነው?» አለ። ሌላው ወደ በሩ ዞሮ አየ። ከዚያ በኋላ ጥያቄውን የደገመ ሰው የለም። መጥበሻዋን ገለበጡት። ዘይቱ እሳቱ ላይ ፈስሶ ተንቦገቦገ። «መርዛቸው ነው!» የሚለው ቃል ከማን አፍ እንደወጣ አላውቅም፤ ወዲያው ግን የሁሉም ቃል ሆነ። አኳታ ጀርባዋን ለማንጎው ግንድ ሰጥታ ቆማ ነበር። ፖሊስ ጣቢያው ቅርብ ስለነበር ሃምሳ አለቃ ቱት ደረሰና መሃል ገብቶ ይዟት ሄደ። እሱም ቢሆን ማሰሩ ነው ወይስ ማዳኑ፣ የዚያን ጊዜ ለይቼ አላወቅሁም።

እኔ ለሚሰማኝ ሁሉ እኔና አሪየት ከዚያው ዓሣ መብላታችንን ነገርኩ። አንዲት እናት ትኩር ብላ አየችኝና፣ ለልጇና ለልጇ ጓደኛማ ደህናውን መርጣ ሰጥታለች ማለት ነው አለች። ሰዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አለመታመማችን ለአኳታ መከላከያ ይሆናል ብዬ ያመጣሁት ነገር ማስረጃ ሆነባት።

አሪየት አላለቀሰችም። እጄን ይዛ «እናቴ አላደረገችም» አለችኝ።

«አውቃለሁ።»

«ማወቅሽ አይበቃም። ማን እንዳደረገ እናገኛለን።»

አመሻሽ ላይ እናቴ ልብስ ልትቀይር ብቅ ስትል ሁለታችንም ቤት ነበርን። የአሪየት አጎቶች አቦቦ ስለነበሩ እኛ ዘንድ እንድታድር ተስማምተናል። እናቴ ፊቷ ገርጥቷል። ከልጆቹ ሁሉ ኦባንግ በጣም እንደከበደበት ነገረችን። ከዚያ ለራሷ እንደምትናገር ሆና፣ የተበላሸ ዓሣ እንደሚያስመልስ፣ እንደሚያስቀምጥም፣ የዓይን ብሌንን ግን እንደማያጠብብ አወራች። የልጆቹ ብሌን ጠብቦ የመርፌ ቀዳዳ አክሏል። እንዲህ ያለ ነገር ያየችው ጎሬ ሳለች አንድ ገበሬ የተባይ መድኃኒት ሲረጭ በተመረዘ ጊዜ ነው። ለሐኪሙ ነግራዋለች። ሐኪሙም ሰምቷታል፤ ግን የተባይ መድኃኒት ት/ቤት ውስጥ ከየት ይመጣል ብሎ ጠየቃት። ማርከሻው በእጁ አለ፤ ያለ ቦታው ከተሰጠ ግን ራሱ ይጎዳል ብሎ ፈርቷል።

«ምን እንደነኩ የሚነግረኝ ሰው ባገኝ» አለችና ነጠላዋን አንስታ ተመልሳ ሄደች።

እኔና አሪየት ተያየን።

በማግስቱ ትምህርት የለም ተባለ። ጠዋት ሆስፒታል ሄድን። ኦባንግ ዓይኑን አልገለጠም፤ አያቱ እግሩን ይዘው ተቀምጠዋል። ትዕግስት ግን ነቅታለች። አሪየትን ስታይ ፈገግ ለማለት ሞከረች። አሪየት አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ፣ «ትናንት ከእናቴ ዓሣ በልተሽ ነበር ወይ?» አለቻት።

«እኔ ዓሣ እበላለሁ እንዴ? ሽታው ራሱ ያንገፈግፈኛል» አለች ትዕግስት በደከመ ድምፅ።

እውነቷን ነው። ክፍላችን ሁሉ በዚህ ያሾፍባት ነበር፤ በግርግሩ መሃል ግን ያስታወሰው አልነበረም። ታዲያ ምን ቀምሰሽ ነበር ስንላት ከውሃ በቀር ምንም አለች። ከአዲሱ በርሜል ጠጥታለች። ኦባንግም ኳስ ተጫውቶ መጥቶ፣ ከእሷ በኋላ ተሰልፎ ደጋግሞ ጠጥቷል።

«ውሃው የትኋን መድኃኒት ይሸት ነበር» አለች። «ቀለሙ መስሎኝ ዝም አልኩ።»

በርሜሉን ከእነ ምርቃቱ አስታወስነው። ከጥቂት ቀናት በፊት የወላጅ ኮሚቴው ሊቀ መንበር አቶ ዘለቀ ለት/ቤቱ ያበረከተው ነው። አቶ ዘለቀ ገበያው ዳር ትልቅ ሱቅና መጋዘን ያለው ነጋዴ ነበር። ተሰልፈን አጨብጭበንለታል። በርሜሉ አረንጓዴ ቀለም ተቀብቶ በትልልቆቹ ክፍሎች በኩል ጡብ ላይ ተቀመጠ። ቀለሙ እስኪደርቅ ባዶውን ቆይቶ ውሃ የተሞላው ግን ትናንት ጠዋት ነው። የአንደኛና የሁለተኛ ክፍል ሕፃናት ያሉት በሌላው ዳር ነው፤ እነሱ የሚጠጡት ከድሮው እንስራ ነበር። ያን ጊዜ ነው አሪየት በድንገት ብድግ ያለችው። ከእናቷ ዓሣ ከማንም የበለጠ የሚገዙት ሕፃናቱ ናቸው። ከእነሱ ግን አንድም የታመመ የለም። እኔና እሷም የጠጣነው ከአኳታ ጀሪካን ነው።

ለሐኪሙ የምናሳየው ውሃ ከበርሜሉ ልንቀዳ ወደ ት/ቤቱ ስንሮጥ ዋናው በር ተዘግቶ ነበር። በአጥሩ ቀዳዳ ገባን። ጡቦቹ በቦታቸው አሉ፤ በላያቸው ግን ምንም የለም። ከሥር እርጥቡ መሬት ላይ የተንጠባጠበ ውሃ የሠራው ጭቃ ገና አልደረቀም። ትናንት ጠዋት እዚህ የነበረ፣ ሦስት ጎረምሳ የሚሸከመው በርሜል ጠፍቷል። ከተማው ሁሉ ስለ ዓሣ ሲያወራ፣ ወዴት ሄደ ብሎ የጠየቀ ሰው አልነበረም።

ከዘበኛው ጎጆ ጀርባ ደግሞ አዲስ የተቆፈረ አፈር አየን። ዳሩ ላይ ላባ ወጥቷል። አሪየት በእንጨት ጫር ስታደርገው የጋሽ ደበበ ዶሮዎች ናቸው፤ ሳይታረዱ እንዳሉ ተቀብረዋል። ዶሮዎቹ ከበርሜሉ ሥር ከሚንጠባጠበው ሲጠጡ ትናንት ጠዋት አይተናቸው ነበር።

«እዚህ ምን ትሠራላችሁ?»

ጋሽ ደበበ ከኋላችን ቆሟል። ዱላ ይዟል፣ ግን አላነሳብንም። እንቅልፍ ያጣ ሰው ዓይን ነበረው።  የተናገረችው አሪየት ናት።

«ጋሽ ደበበ፣ በርሜሉ የት ሄደ?»

 ሲያፈስ ስለተገኘ ባለቤቱ ወስዶታል አለ። ዶሮዎቹስ ስንለው በሽታ ገብቶባቸው ነው አለ። የሚናገረው ወደ መሬት እያየ ነው።

«ትዕግስት ዓሣ አትበላም» አልኩት እኔ። «ከበርሜሉ መጠጣቷን አሁን ነግራናለች። ሐኪሙ ማርከሻውን ያልሰጠው ምን እንደጠጡ ስላላወቀ ነው።»

ይህን አያውቅም ነበር። ዱላው ከእጁ ወደቀ። ጎጆው ደጃፍ ላይ ቁጭ አለና ሁለት እጁን ጭንቅላቱ ላይ ጫነ። ከዚያ እየቆራረጠ ነገረን። ዶሮዎቹ መሞታቸውን ለአቶ ዘለቀ ያሳየው ትናንት ልጆቹ ሆስፒታል እንደተወሰዱ ነው። አቶ ዘለቀ ፊቱ ተለዋወጠ፤ ወዲያው ጋሪ አስጠርቶ በርሜሉን አስጫነ። ዶሮዎቹን ቅበር፣ ልጅህን ዓሣው ነው ያሳመማት፣ ነገ ትድናለች አለው። ይህን ሥራና የምትኖርበትን ጎጆ ያሰጠሁህ እኔ መሆኔን አትርሳ ብሎም ጨመረለት።

«ወዴት ወሰደው?» አለች አሪየት።

«ኒውላንድ ሰፈር። ለአንድ ቤተ ክርስቲያን ሸጦታል። ዛሬ ጉባኤ አላቸው።»

አሁን ነገሩ ስለ ትናንት ብቻ መሆኑ ቀረ። ጋሽ ደበበን ሆስፒታል ሄደህ ለእናቴ ንገር ብዬው ተነሳን። መንገድ ስንጀምር ግን አሪየት ቆመች። በዚያ ሰሞን በአኝዋክና በኑዌር ወጣቶች መካከል ጠብ ነበር፤ ኒውላንድ ደግሞ የሚበዙት ኑዌሮች ናቸው። አጎቷ በዚያ በኩል ዝር እንዳትይ ብሏታል። እኔ ብቻዬን ልሂድ አልኳት።

«የእኔ እናት ናት የታሰረችው» አለችና ቀድማኝ ተራመደች።

ቤተ ክርስቲያኑ በሳር የተከደነ ሰፊ ዳስ ነበር። ከኢታንግም፣ ከድንበሩ ማዶም እንግዶች መጥተው ግቢው ሞልቷል። ውስጥ ከበሮ ይመታል፣ ይዘመራል። ከዳሱ ጎን ሴቶች ሦስት ጉልቻ ላይ ድስት ጥደው ያበስላሉ። በርሜሉ በዛፍ ጥላ ሥር ቆሟል፤ እስከ አፉ ሞልቷል። ሴቶቹ ጠዋት ሙሉ ከባሮ በጭንቅላታቸው ተሸክመው የሞሉት ውሃ ነው። አንዲት ወጣት እናት በጣሳ ቀድታ ጡት ለጣለ ልጇ ልታጠጣ ጎንበስ ብላለች።

ጮህኩ። አማርኛዬን ከሰሙት መሃል የገባቸው ጥቂቶች ናቸው። ሴትየዋ ቀና ብላ አየችኝና ጣሳውን ወደ ልጁ አፍ መልሳ አቀረበች። አሪየት ዘላ ጣሳውን ከእጇ መታችው። ሴቶቹ ተነሱባት። አንዷ በክንዷ ያዘቻት፣ ሌላዋ የማን ልጅ እንደሆነች ከፊቷ አወቀች መሰለኝ የብሔሯን ስም ጠርታ ጮኸች። ማስረዳት የሚባል ነገር እንደማይሆን ያን ጊዜ ገባኝ። ወደ በርሜሉ ሮጥኩና በትከሻዬ ገፋሁት። አልነቃነቅም አለ። አሪየት ክንዷን አስለቅቃ መጣች። በሁለት ትከሻ ገፋነው። አንዴ ዘመመና ተመለሰ። ሁለተኛ ስንገፋው ወደቀ።

ውሃው ግቢውን አጥለቀለቀው። እሳቱ ጠፋ። ከበሮው ቆመ። ከዳሱ ሰው ግልብጥ ብሎ ወጣ። ጉንጬ ላይ አንድ ጥፊ አረፈብኝ፤ ማን እንደመታኝ እስከ ዛሬ አላውቅም፣ አልፈርድበትምም። ያንን ሁሉ ውሃ በዚያ ፀሐይ ተሸክመዋል።

አሪየት ግን ተንበርክካ በድንጋይ የበርሜሉን ቀለም ትፍቃለች። ማንንም አታይም፤ ዝም ብላ ትፍቃለች። አረንጓዴው ተላጠ፤ ከሥሩ ቢጫ ወጣ። ቢጫው ላይ ጥቁር መስመር ታየ። ስትጨርስ ሁለት አጥንት የተጋደመበት የራስ ቅል ነበር፤ እናቴ ሆስፒታል ቆልፋ የምታስቀምጣቸው ጠርሙሶች ላይ ያለው ምልክት።

እሱን ለመረዳት አማርኛም ኑዌርኛም አላስፈለገም።  ወጣቷ እናት ልጇን ብድግ አድርጋ አፉን በቀሚሷ ትጠርግ ጀመር። የሴቶቹ አለቃ፣ ማማ ኛዳክ የሚሏቸው ግንባራቸው ላይ የነጥብ ነጥብ ጠባሳ ያለባቸው ትልቅ ሴት፣ ወደ አሪየት መጥተው ከተንበረከከችበት አነሷት።

«ማን እናት ነው የወለደሽ?» አሏት በአማርኛ።

«እስር ቤት ያለችው ዓሣ ሻጭ።»

ማማ ኛዳክ ወደ ሴቶቹ ዞረው በቋንቋቸው ረጅም ነገር ተናገሩ። ከዚያ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አሰሩና በርሜሉን በእግራቸው ገፉት። ሌሎቹ ተከተሏቸው። ከኒውላንድ እስከ ፖሊስ ጣቢያው በርሜሉን መንገዱ ላይ እያንከባለልን፣ ምልክቱ አንዴ ወደ ላይ አንዴ ወደ ታች እየሆነ ሄድን። ገበያው መሃል ስንደርስ ሰው ሥራውን ጥሎ ተቀላቀለን። አቶ ዘለቀም ከሱቁ ወጥቶ ተከተለ፤ ሊያስቀረው ከማይችለው ነገር ፊት መገኘት የተሻለ መስሎት ይሆናል።

ጣቢያው ደጃፍ ላይ ሃምሳ አለቃ ቱት በርሜሉን ዞሮ አየው። አቶ ዘለቀ ቀድሞ ተናገረ። የልጆች ወሬ ነው፤ አረንጓዴ በርሜል በከተማው ሞልቷል፤ ይሄ የእሱ መሆኑን ያየ ሰው ይቅረብ አለ። ማማ ኛዳክ ትናንት ከሱቅህ ነው የገዛነው ሲሉት፣ ከት/ቤቱ የወጣው ሌላ ነው፣ የተጣለ ነው አለ። ድምፁ አልተንቀጠቀጠም። ሰው እርስ በርሱ ማጉረምረም ጀመረ፤ አንዳንዱ ለእሱ ሊያደላ ሲል አየሁ። ለከተማው ብዙ የሰጠ ሰው ነበር።

ከኋላ ሕዝቡን እየገፋ ጋሽ ደበበ መጣ። ከሆስፒታል እየሮጠ ስለመጣ ትንፋሹ አልተሰበሰበም።

«እኔ አይቻለሁ» አለ። «ጋሪው ላይ ያነሳሁት በነዚህ እጆቼ ነው። ዶሮዎቹንም የቀበርኩት እኔ ነኝ። ልጄ ሆስፒታል ተኝታ ነው የዋሸሁት።»

ሃምሳ አለቃ ቱት አማርኛ ሲናገር ሴቱንም ወንዱንም አንተ ነው የሚለው። ወደ አሪየት ዞረና «አንተ ጎበዝ ነህ» አላት። ከዚያ አቶ ዘለቀን ወደ ውስጥ ጋበዘው፤ አኳታን ወደ ውጭ አወጣት። እናትና ልጅ ሲገናኙ አልተጯጯሁም። አኳታ የልጇን እጅ ገልብጣ በድንጋዩ የተላላጠውን መዳፏን አየች፤ ትንፋሿን እፍ አለችበት።

ጋሽ ደበበ ነግሯቸው ስለነበር ሆስፒታሉ ማርከሻውን ጀምሯል። ኦባንግ በማግስቱ ዓይኑን ገለጠ፤ መጀመሪያ የጠየቀው ኳሱን ነው። ፖሊሶች የአቶ ዘለቀን መጋዘን ሲፈትሹ ከሩቅ እርሻ በጨረታ የገዛቸው፣ የተባይ መድኃኒት የነበረባቸው እንዲህ ያሉ በርሜሎች ተገኙ፤ ለቤተሰቦች የሸጣቸውም ተለቅመው ተሰበሰቡ። እሱ ራሱ ብዙ አልታሰረም። የሚያውቃቸው ሰዎች ነበሩ። በዋስ ወጥቶ ሱቁን ሸጠና ከተማውን ለቀቀ። እንዲህ ሆኖ መቅረቱ ያን ጊዜም አናዶኛል፣ አሁንም ያናድደኛል።

ታሪኩ ግን በዚህ አላለቀም። ት/ቤቱ ወላጆችን ሰብስቦ እኔንና አሪየትን ሊሸልም ሆነ። ዳይሬክተሩ ደብተርና እስክሪብቶ በቀይ ወረቀት ጠቅልሎ አዘጋጅቷል። ከአንድ ቀን በፊት አኳታን፣ መጥበሻሽን የገለበጡትን ይቅር ብለሻቸዋል ወይ ብዬ ጠይቄያት ነበር። «ይቅርታ የጠየቀኝ የለም» አለችኝ። «ያልተጠየቅሁትን ከየት አምጥቼ ልስጥ?»

አሪየት ይህን ሰምታለች። በሽልማቱ ቀን ስሟ ሲጠራ ወጣች፤ ጥቅሉን ግን አልተቀበለችም።

«መጀመሪያ እናቴን ይቅርታ ጠይቁ» አለች።

ዳይሬክተሩ የልጅ ነገር መስሎት ሳቅ አለና ጥቅሉን ወደ እኔ አዞረው። እኔም እጄን ወደ ኋላ አደረግሁ።   አኳታ ከበሩ አጠገብ ቆማለች። ተቀመጡ ቢሉንም አልተቀመጥንም። በመጨረሻ የተነሳችው፣ ለልጇ ጓደኛ ደህናውን መርጣ ሰጥታ ነው ያለችው ያቺ እናት ነች። ወደ በሩ ሄዳ ከአኳታ ፊት ቆመች፤ ምን እንዳለቻት አልሰማንም፤ ጎንበስ ስትል ግን አየን። ቀጥሎ ጋሽ ደበበ ተነሳ። ከዚያ ሌላ ሰው፣ ከዚያም ሌላ። ያልተነሱም ነበሩ። እነሱንም አሪየት እያየች ነበር።

ዛሬ እኔ ለልጆች የምርመራ ታሪክ እጽፋለሁ። የጠፋ ዕቃ፣ የተደበቀ ነገር፣ የሚጠያይቁ ልጆች ያሉባቸው መጻሕፍት ናቸው። የመጽሐፎቼን ረቂቅ የሚያነቡ ወዳጆቼ ጥፋተኛው ከተገኘ በኋላ ለምን አንድ ምዕራፍ ትጨምሪያለሽ፣ ልጆቹ እኮ ማን እንደሆነ ካወቁ ይበቃቸዋል ይሉኛል። አይበቃቸውም። እናንተ ወላጆች፣ መምህራን፣ ልጅ ያላችሁም የሌላችሁም፣ በመንደራችሁ ሰው ሁሉ በአንድ አፍ «እሷ ናት» ሲል ስትሰሙ መጀመሪያ ማን አየ ብላችሁ ጠይቁ። እውነቱ ሲወጣ ደግሞ ወደ ቤታችሁ አትበተኑ። ያቺ ሴት በሩ አጠገብ ቆማለች፤ አንድ ሰው ተነስቶ እስኪሄድላት ድረስ ገና አልተፈታችም።